ውኃ ያለፈበት፣ ሰው ያልደረሰበት፦ የውኃ ውስጥ ዋሻዎች እንዴት ይገናኛሉ? ለጣና ዳርቻስ ምን ይነግሩናል?

ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ጣና ሁለት ነገር ሲነገር ሳይሰማ አያድግም። አንደኛው፣ ግልገል ዓባይ ሐይቁ ውስጥ ገብቶ ከሐይቁ ውኃ ጋር ሳይቀላቀል፣ መንገዱንም ሳይስት፣ በደቡብ በኩል ዓባይ ሆኖ ይወጣል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ጣና ከሥሩ መውጫ አለው፤ በዚያ የገባ ውኃ ማንም በማያየው መንገድ ሄዶ በሌላ አገር ይፈልቃል የሚለው ነው። አያታችን ከታንኳ ላይ የወደቀ መቅዘፊያ ከብዙ ጊዜ በኋላ የቀናት መንገድ ርቆ በሚገኝ ምንጭ አፍ ላይ ተገኘ የሚለውን ታሪክ እየነገሩ ነው ያሳደጉን።

ይህን የማነሳው ታሪኩን ለማፍረስ አይደለም። ታሪኩ የተሸከመው ጥያቄ፣ ማለትም አንድ ቦታ የሰመጠ ውኃ የት እንደሚወጣ እንዴት ይታወቃል የሚለው፣ ዛሬ በሜክሲኮና በፍሎሪዳ ጠላቂዎች ሕይወታቸውን አደጋ ላይ ጥለው የሚመልሱት ጥያቄ ነው። ለእኛም የቅርብ ጉዳይ ነው፤ ባሕር ዳር አብዛኛውን የመጠጥ ውኃዋን ከምንጭና ከከርሰ ምድር ጉድጓድ የምትቀዳ፣ ፍሳሿን ደግሞ በአብዛኛው እዚያው መሬት ውስጥ የምትቀብር ከተማ ናት።

ከሁሉ አስቀድሞ «ተገናኝቷል» የሚለው ቃል መለየት አለበት። ዋሻ አሳሾች ሁለት ዋሻዎች ተገናኙ የሚሉት ሰው ከአንዱ ገብቶ በውስጥ ለውስጥ ወደ ሌላው ሲሻገርና ያለፈበትን ሲለካ ብቻ ነው። የውኃ ባለሙያ ግን ሁለት ቦታዎች ተገናኝተዋል የሚለው ከአንዱ የተነሳ ውኃ በሌላው መድረሱ ሲረጋገጥ ነው፤ መንገዱ ሰው የሚያሳልፍ ይሁን፣ ጣት የማያስገባ ስንጥቅ ይሁን ለእሱ ለውጥ የለውም። በዜና የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። በእኔ እምነት የሰውን ኑሮ የሚነካው ሁለተኛው ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት ግንኙነት ታላቁ ምሳሌ በሜክሲኮ የዩካታን ልሳነ ምድር ይገኛል። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ሳክ አክቱን የተባለው የውኃ ውስጥ ዋሻ ዶስ ኦሆስ ከተባለው ጎረቤቱ ጋር መገናኘቱ ይፋ ሆነ። የመጀመሪያው ወደ 263 ኪሎ ሜትር፣ ሁለተኛው ወደ 84 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበራቸው፤ ሲደመሩ 347 ኪሎ ሜትር ሆኑ፣ በወቅቱም በዓለም ረጅሙ የታወቀ የውኃ ውስጥ ዋሻ ተባሉ። ፍለጋውን የመራው ሮበርት ሽሚትነር የተባለ ጠላቂ ሲሆን፣ አካባቢውን ለ14 ዓመታት ሲያስስ ቆይቷል። ከዚያ ወዲህ በደቡብ በኩል ያለው ኦክስ ቤል ሃ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተለክቶ ቀዳሚነቱን ወስዷል። በነገራችን ላይ ዶስ ኦሆስ በስፓኒሽ «ሁለት ዓይኖች» ማለት ነው። እኛም ውኃ ከመሬት የሚፈልቅበትን የምንጭ ዓይን እንላለንና ስያሜው ለጆሯችን እንግዳ አይሆንም።

በአሳሾቹ ዘንድ ባለው ልማድ ሁለት ዋሻዎች ሲገናኙ ትልቁ የትንሹን ስም ይውጣል፤ ስለዚህ ዶስ ኦሆስ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሳክ አክቱን አካል ሆኖ ተቆጠረ። ግልገል ዓባይ ጣና ሲገባ ስሙን እንደሚያጣ ማለት ነው። ልማዱ የስም ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ስም እስኪዋጥ ድረስ የሚያስፈልገው ማስረጃ ከባድ በመሆኑ፣ መላምት እንደ ግኝት እንዳይቆጠር ይጠብቃል።

ማስረጃው የሚሰበሰበው በገመድ ነው። ጠላቂው ከመግቢያው ጀምሮ ቀጭን የናይለን ገመድ እየዘረጋ፣ ከድንጋይ ጉጥ ጋር እያሰረ ይገባል። ገመዱ በመጀመሪያ የመመለሻ ዋስትናው ነው፤ የዋሻው ደለል አንዴ ከተነሳ የትኛውም መብራት አይረዳም፣ ገመዱን በጣቱ እየዳሰሰ ነው የሚወጣው። አየሩንም ሦስት ቦታ ይከፍለዋል፤ አንዱ እጅ ለመግቢያ፣ አንዱ ለመውጫ፣ አንዱ ለክፉ ቀን። ከዚያ ገመዱ መለኪያ ይሆናል። በየ3 ሜትሩ ቋጠሮ ስላለበት፣ ጠላቂው ሲመለስ በሁለት ማሰሪያዎች መካከል ያለውን ቋጠሮ ይቆጥራል፣ አቅጣጫውን በኮምፓስ፣ ጥልቀቱን በመለኪያ ያነብባል፣ ሦስቱንም ቁጥሮች ውኃ ውስጥ በሚጻፍበት ሰሌዳ ላይ ያሰፍራል። 347 ኪሎ ሜትር የተባለው ርዝመት በዚህ ሁኔታ በጨለማ ከተቆጠሩ ቋጠሮዎች የተጠራቀመ ነው።

ይህ አሠራር ስህተትም ይጠራቀምበታል። ኮምፓሱ በ1 ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍና መዛነፉ በዚያው ቢቀጥል፣ ከ1 ኪሎ ሜትር በኋላ ካርታው ላይ ያለው የዋሻው ጫፍ ከእውነተኛው ቦታ 17 ሜትር ያህል ይርቃል። ስለዚህ ሁለት ዋሻዎች ካርታ ላይ ተቃርበው ሲታዩ፣ ወይም ተቆራርጠው ሲተላለፉ፣ እውነቱ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ከሌላው ሥር እየሄደ፣ በመካከላቸውም የተደረመሰ ኮረብታ የሚያህል ድንጋይ ተጋርጦ ሊሆን ይችላል። አሳሾች ለመገናኘት ተስፋ የሚጥሉበትን ጫፍ የሚመርጡት ካርታውን ከውኃው ፍሰት አቅጣጫና ከዋሻው ስፋት ጋር አስተያይተው ነው። ውኃ ወደ ግድግዳ እየገፋ ከጠፋ ከግድግዳው ጀርባ ቦታ አለ ማለት ነው። ሰው ግን ላያልፍበት ይችላል።

የዩካታን ዋሻዎች ይህን ያህል የረዘሙት አለቱ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ነው። የኖራ ድንጋይ በአሲድማ የዝናብ ውኃ ቀስ እያለ ይሟሟል፤ በዚያ አካባቢ በተለይም ጨዋማው የባሕር ውኃ ከሥር፣ ንጹሑ ውኃ ከላይ ሆነው በሚገናኙበት ድንበር ላይ መሟሟቱ ይበረታል። የባሕር ወለል በበረዶ ዘመን ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ስለነበር ዋሻዎቹ ለረጅም ጊዜ ደረቅ ነበሩ። ከጣሪያቸው የተንጠለጠሉት የድንጋይ ጠብታዎችም አየር ባለበት እንጂ ውኃ ውስጥ የሚበቅሉ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2007 በዚሁ የዋሻ ሥርዓት ውስጥ ኦዮ ኔግሮ በተባለው ጥልቅ ጉድጓድ ጠላቂዎች ያገኙት የአንዲት ልጃገረድ አጽም ወደ 13,000 ዓመት ገደማ የሚጠጋ ዕድሜ አለው። ልጅቷ ወደዚያ የደረሰችው በዋና ሳይሆን በእግሯ ነው።

ጣናም እንዲህ ያለ ታሪክ አለው። ከሐይቁ ወለል የተወሰዱ የደለል ናሙናዎች እንደሚያሳዩት ከ16,000 ዓመታት በፊት አካባቢ፣ በዚያው የበረዶ ዘመን ማብቂያ፣ ጣና ደርቆ ነበር። ዛሬ የሞተር ጀልባ የሚመላለስበት ወለል ያን ጊዜ በእግር የሚኬድበት ነበር ማለት ነው። ሐይቅ ሁልጊዜ እንደነበረ ይኖራል ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ አንድ እውነት ብዙ ያስተምረዋል።

ወደ ሁለተኛው ዓይነት ግንኙነት ስንመጣ፣ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ታሪክ የተፈጸመው በጀርመን ነው። የዳኑብ ወንዝ ከምንጩ ብዙም ሳይርቅ ኢመንዲንገን በተባለች ከተማ አጠገብ ወደ ኖራ ድንጋዩ ውስጥ ይሰርጋል፤ በዓመት ውስጥ ለብዙ ቀናት የወንዙ ወለል ፈጽሞ ደርቆ ይታያል። በደቡብ በኩል 12 ኪሎ ሜትር ርቆ ደግሞ አኽ የተባለ ታላቅ ምንጭ አለ። የአገሩ ሰው ሁለቱን ያገናኛቸው ነበር፤ ማረጋገጫ ግን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1877 ወንዙ በሚሰርግበት ላይ 10 ኪሎ ግራም ፍሎሬሲን የተባለ ቀለም፣ 20 ቶን ጨውና 1,200 ኪሎ ግራም ከድንጋይ የተጣራ ዘይት ተጨመረ። ከ60 ሰዓታት ገደማ በኋላ የአኽ ምንጭ አረንጓዴ ሆኖ እያበራ፣ ጨው ጨው እያለ፣ ዘይት ዘይት እየሸተተ ፈለቀ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ውኃው በሰዓት 200 ሜትር ያህል ተጉዟል። በአሸዋና በአፈር ውስጥ የሚሰርግ ውኃ ይህን 200 ሜትር ለመሄድ እንደ አፈሩ ወራትም ዓመታትም ይፈጅበታል።

የአኽ ውኃ ወደ ራይን ወንዝ ገብቶ ሰሜን ባሕር ይደርሳል፣ ዳኑብ ግን የሚፈስሰው ወደ ጥቁር ባሕር ነው። አንድ ወንዝ ከአንድ ተፋሰስ ወደ ሌላው በስውር እየተቀዳ ነበር ማለት ነው። የታችኞቹ ግዛቶች ውኃችን ጎደለ፣ የላይኛው ግዛት ደግሞ ተፈጥሮ ነው ብለው ተካሰው ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1927 በጀርመን የግዛቶች ፍርድ ቤት ቀረበ። በዓባይ ዳር ለሚኖር ሰው የዚህ ክርክር ቋንቋ አዲስ አይሆንበትም። ለዚህ ጽሑፍ ግን ዋናው ነጥብ ሌላ ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ይኸው 150 ዓመት ሊሞላ ነው፣ የ12 ኪሎ ሜትሩን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለፈ አንድም ሰው የለም። በሁለቱም በኩል ቆፋሪና ጠላቂ ሞክሯል፣ የተደረመሰ ድንጋይ መልሶታል። በዋሻ አሳሾች መዝገብ ሁለቱ ቦታዎች አልተገናኙም፤ በውኃው መዝገብ ግን ከ1877 ጀምሮ አንድ ናቸው።

ሁለቱ መዝገቦች የተገናኙበት ቦታ በሰሜን ፍሎሪዳ የሚገኘው የዋኩላ ምንጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ጠላቂዎች የዋኩላን ዋሻ ከሰሜኑ የሊዮን ሲንክስ ዋሻ ጋር አገናኙ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ጃሮድ ጃብሎንስኪና ኬሲ ማኪንሊ የተባሉት ሁለቱ ጠላቂዎች 11 ኪሎ ሜትር ያህል በ90 ሜትር ገደማ ጥልቀት ተጉዘው ከአንዱ ገብተው በሌላው ወጡ። ጉዞው ከ20 ሰዓት በላይ ወሰደ፤ ከዚህም ውስጥ የሚበዛው ሰዓት ያለቀው ወደ ላይ ሲወጡ እየቆሙ በመጠበቅ ነው፤ በግፊት ወደ ደም የገባው ጋዝ ቀስ ብሎ ካልወጣ አካል ውስጥ አረፋ ሆኖ ሰውን ሽባ ያደርጋል፣ ይገድላልም። በዚያው ጊዜ የውኃ ባለሙያዎች በአካባቢው ቀለም እየጨመሩ ሲከታተሉ፣ የታላሃሲ ከተማ የተጣራ ፍሳሿን በእርሻ ላይ ከምትረጭበት ቦታ የተነሳው ቀለም ዋኩላ ምንጭ ላይ ብቅ አለ። ምንጩን ለዓመታት ሲያስቸግር የነበረው አልጌና አረም ከየት እንደሚመገብ በዚህ ታወቀ፤ ከተማዋም ከፍሳሹ ጋር የሚሄደውንና ለአረሙ ማዳበሪያ የሚሆነውን ናይትሬት ለመቀነስ የማጣሪያ ጣቢያዋን በከፍተኛ ወጪ አሻሻለች። የጠላቂዎቹ ጀግንነት የማይካድ ነው፤ የከተማዋን ውሳኔ የለወጠው ግን ቀለሙ ነው።

አሁን ወደ ጣና እንመለስ፤ የዩካታንን ሥዕል ቀጥታ አምጥቶ እዚህ መስቀል እንደማይቻል ግን መታወቅ አለበት። አገራችን የኖራ ድንጋይ ዋሻ አላት። በባሌ የዌይብ ወንዝ ገብቶ የሚወጣበት ሶፍ ዑመር ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ተለክቷል፤ የኖራ ድንጋይ በዓባይ ሸለቆ ታችኛው ግድግዳ ላይም ገሃድ ወጥቶ ይታያል። የጣና ዳርቻ አለት ግን ባዛልት ነው፣ እሳተ ገሞራ አፍስሶት የቀዘቀዘ ጥቁር ድንጋይ፤ ሐይቁ ራሱ የተገደበው በዚሁ ድንጋይ ነው። ባዛልት እንደ ኖራ ድንጋይ አይሟሟም። ስለዚህ ውኃ በዘመናት ብዛት ቦርቡሮ የሠራው መቶ ኪሎ ሜትር የሚረዝም ዋሻ ከሐይቁ ሥር መጠበቅ ከአለቱ ጠባይ ጋር አይስማማም።

ይሁን እንጂ ባዛልት ውስጥ ዋሻ አይኖርም ማለትም ስህተት ነው። የቀለጠ ድንጋይ እየፈሰሰ ሳለ ላዩ ይጠነክራል፣ ውስጡ ግን መፍሰሱን ይቀጥላል፤ ምንጩ ሲነጥፍ ውስጡ ባዶ ቱቦ ሆኖ ይቀራል። በካናሪ ደሴቶች፣ በላንዛሮቴ፣ ከ20,000 ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ እሳተ ገሞራ የተሠራ እንዲህ ያለ ቱቦ አለ፤ ጫፉ ዛሬ ከባሕር በታች ወደ 1.5 ኪሎ ሜትር ገብቶ ይገኛል፣ ያን ጊዜ ባሕሩ ዝቅ ብሎ ስለነበር። ከጣና በስተደቡብ ያለው መሬት በቅርብ የሥነ ምድር ዘመን በፈሰሰ ባዛልትና ለግንባታ በሚቆፈረው ቀይ አሸዋ፣ ሠራተኛው ሬዳሽ በሚለው፣ የተሸፈነ ነው። ውኃ በዚህ ድንጋይ ስንጥቅና በፍሰቶቹ መጋጠሚያ በብዛት ይሄዳል፤ ከባሕር ዳር በስተደቡብ ያሉት ታላላቅ ምንጮች የሚፈልቁትም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ከመጽሐፍ በፊት በዓይኔ ያየሁት በግቢያችን ነው። ሽምብጥ አካባቢ የውኃ ጉድጓድ ስናስቆፍር ልጅ ነበርሁ፣ ባልዲ መሳብ የእኔ ሥራ ነበር። መጀመሪያ ጥቁር አፈር ወጣ፣ ቀጥሎ ቀይ ጭቃ፣ ከዚያ ድንጋይ። ድንጋዩን ሳገላብጠው እንደ እንጀራ ዓይን የተበሳሳ ነበር። ውኃው ሲገኝ ቆፋሪው ጋሼ ከታች ጮኸው ጠሩንና በገመድ አውርደው ባትሪ መብራት አበሩልኝ፤ የጉድጓዱ ግድግዳ ዙሪያውን ደረቅ ነው፣ በምዕራብ በኩል ብቻ አውራ ጣት በምታህል ስንጥቅ ውኃ እየተንዠቀዠቀ ይገባል። እጄን አስጠግቼ ግፊቱን ሞከርሁት። ውኃ ከመሬት ሥር እንደ ሐይቅ ተኝቶ የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር፤ መንገድ ይዞ የሚመጣ መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ።

ከዓመታት በኋላ በዚያው በምዕራብ በኩል አዲስ ቤት ተሠራ፣ የፍሳሽ ጉድጓድም ተቆፈረለት። ከእኛ ጉድጓድ 40 እርምጃ ይርቃል። በቀጣዩ ክረምት የጉድጓዳችን ውኃ ሸተተ፤ እናታችን ለመጠጥ ቀርቶ ለልብስም አትቅዱ አሉን። የሚገርመው ደግሞ ለፍሳሹ ከእኛ ይልቅ የቀረበ ሌላ ጎረቤት ጉድጓዱ ምንም አልሆነም። ማንም በክፋት ያደረገው አልነበረም፣ የተለመደው ርቀትም ተጠብቆ ነበር። በውኃ ጉድጓድና በሽንት ቤት መካከል 30 ሜትር ይኑር የሚለው መመሪያ ውኃ በአፈር ቅንጣቶች መካከል እየተጣራ በዝግታ ሲሄድ ጀርሞች በመንገድ ይሞታሉ በሚል ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። በስንጥቅ ውስጥ የሚሮጥ ውኃ ግን አይጣራም፣ ጊዜም አይሰጥም። የእኛና የፍሳሹ ጉድጓድ በአንድ ስንጥቅ ላይ ነበሩ፤ የጎረቤታችን አልነበረም።

ስለዚህ የጣናን ስውር መንገዶች ማጥናት ማለት ጠላቂ ማስገባት አይደለም። ሐይቁ በጥልቅ ቦታው 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ በሚያመጡት ደለል የተነሳ ጠላቂ የዘረጋውን የራሱን እጅ ለማየት ይቸገራል። ከፍታው ወደ 1,790 ሜትር ስለሚጠጋም የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ 80 በመቶ ያህል ነው፤ በባሕር ወለል የተሠራ የመጥለቂያ ሰንጠረዥ እዚህ እንዳለ ከተወሰደ አደገኛ ነው። ለእኛ የሚስማማው ውኃውን ራሱን መጠየቅ ነው።

አንዱ መንገድ የአይሶቶፕ ምርመራ ነው፤ አይሶቶፕ የሚባሉት የአንድ ንጥረ ነገር በክብደት የሚለያዩ ዓይነቶች ናቸው። ሐይቅ ፀሐይ ሲመታው ቀላሉ ውኃ ቀድሞ ይተናል፣ ከባድ ኦክስጅንና ከባድ ሃይድሮጅን ያለበት ውኃ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ስለዚህ የጣና ውኃ ከዝናቡ የሚለይበት የራሱ ምልክት አለው። ከሐይቁ ሾልኮ የወጣ ምንጭ ይህን ምልክት ይዞ ይገኛል፣ ከደጋው ዝናብ የመጣ ምንጭ ግን የለውም። የአያታችን መቅዘፊያ በአንድ ብልቃጥ ውኃ ይፈተናል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጥናት በጣና ተፋሰስ ከተጀመረ ሁለት ዐሥርተ ዓመታት ሆኖታል፤ የሚያሳየን አጠቃላይ ሥዕልም የከርሰ ምድር ውኃው በአብዛኛው ከዝናብ ተሞልቶ ከደጋው ወደ ሐይቁ የሚወርድ መሆኑን ነው። ይህ ለከተማችን ምን ማለት እንደሆነ ልብ ይሏል። የሚያሳስበን ሐይቁ ከሥር የሚያፈስሰው ውኃ ሳይሆን፣ እኛ በላይ የምንጥለው ነገር ወደ ምንጮቹና ወደ ሐይቁ የሚወርድበት መንገድ ነው።

ሐይቁ ከመሬት ሥር የሚያልፍበት አንድ ረጅም መንገድ በርግጥ አለ፤ የሠራው ግን ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ውኃውን ከሐይቁ ምዕራብ ዳርቻ ወስዶ ወደ 12 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ አሳልፎ ወደ በለስ ሸለቆ ይለቅቀዋል፤ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ርዝመቱ ከዳኑብና ከአኽ ስውር መንገድ ጋር እኩል መሆኑ አጋጣሚ ነው። የዚህ ዋሻ ግንኙነት ያለ ቀለም ይታያል፤ በጭስ ዓባይ የሚወርደው ውኃ በበጋ ከቀድሞው መሳሳቱን የአካባቢው ሰው ሁሉ ይመሰክራል። ውኃውን የት እንደምንከፋፍል አውቀን ወስነናል፣ መጠኑንም እንለካለን። ስለ ተፈጥሮው መንገድ ግን ይህን ማለት አንችልም።

ሜክሲኮ አሁን ያለችበት ክርክር ለዚህ ማስጠንቀቂያ ይሆነናል። የማያ ባቡር የተባለው መስመር አንዱ ክፍል በእነዚሁ ዋሻዎች ላይ የሚያልፍ ሲሆን፣ መስመሩን የተሸከሙት የብረትና የኮንክሪት ምሰሶዎች የዋሻውን ጣሪያ በስተው ወለሉ ላይ ሲተከሉ ጠላቂዎች እ.ኤ.አ. በ2024 በምስል አሳይተዋል። ዋሻዎቹ ካርታ ነበራቸው፣ ከዚያ ውኃ የሚጠጣ ሕዝብም ነበር። ካርታው የተሠራው በበጎ ፈቃደኞች ስለነበር ዕቅድ አውጪው ጠረጴዛ ላይ በጊዜው ክብደት አላገኘም። እኛ ዘንድ ካርታው ራሱ አልተሠራም፤ ከተማዋ ግን ወደ ዘንዘልማም ወደ መሸንቲም በየዓመቱ እየሰፋች ነው፣ አዲስ ቤት በተሠራ ቁጥርም አዲስ የፍሳሽ ጉድጓድ ይቆፈራል።

ሁለተኛው መንገድ በዳኑብና በዋኩላ ያየነው የቀለም ፈተና ነው፤ የሚጠይቀው ወጪም ሰበብ የሚሆን አይደለም። ፍሎሬሲን የዓይን ሐኪም የዓይንን ቁስል ለማየት የሚጠቀምበት ያው ቀለም ነው፤ ለፈተና በሚውልበት መጠን ጉዳት የለውም፣ ዓይን ሊያየው በማይችል ደረጃ ቀጥኖም በመሣሪያ ይለያል። ቀለሙን ለመያዝ የከሰል ፍርፋሪ በትንሽ የወንፊት ከረጢት ተደርጎ በየምንጩ፣ በየጉድጓዱና በሐይቁ ዳር ይንጠለጠላል፤ ከሰሉ የሚያልፈውን ቀለም እየመጠጠ ስለሚያከማች ሰው ሌሊቱን መጠበቅ አያስፈልገውም፣ በየሳምንቱ እየቀየሩ ወደ ላቦራቶሪ መውሰድ ይበቃል። ቀለም ከመጨመሩ በፊት ግን ለጥቂት ሳምንታት ባዶውን ማንጠልጠል ግድ ነው፤ ሳሙናና ሌላ ፍሳሽም የሚያበራ ነገር ስላለው፣ ቀድሞ ያልተለካ ቦታ የሐሰት ውጤት ይሰጣል። ፈተናው ሁለት ጊዜ ቢደረግ ይመረጣል፤ አንዴ በመስከረም መሬቱ ውኃ ጠግቦ ሳለ፣ አንዴ በሚያዝያ ምንጮች ሲሳሱ፣ ምክንያቱም በክረምት የሚከፈት መንገድ በበጋ ሊዘጋ ይችላልና። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር ተማሪዎችን የሚያስተምር ተቋም ነው፤ የሚያስፈልገው የከተማው ውኃ ባለሥልጣናት ፈቃድና ነዋሪው ጉድጓዱን ለሳምንታት ክፍት ማድረጉ ነው። እኔ የእኛን ለመክፈት ዝግጁ ነኝ።

እስከዚያው ድረስ በአቅሜ የማደርገው አለኝ። ከጉድጓዳችን አፍ ላይ በየግማሽ ሜትሩ የተቋጠረ ገመድ አስሬ በየ15 ቀኑ የውኃውን ከፍታ እመዘግባለሁ። ባለፈው ሰኔ መጀመሪያ ውኃው የተገኘው በ17ኛው ቋጠሮ ላይ ነበር። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ሲዘንብ ውሎ አድሮ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስለካው 9ኛው ላይ ደርሶ አገኘሁት። የጎረቤታችንም በዚያው ጠዋት ሲለካ ከበፊቱ አንድ ቋጠሮ እንኳ አልጨመረም።